ምዕራፍ ስምንት፦ በየዕለቱ የሚነዳ አውቶሞቢል የሴራሚክ ሽፋን ያስፈልገዋልን?

አዲስ አውቶሞቢል ገዝቶ ቍልፉን የተረከበ ሰው ከሻጩ ቢሮ ገና ሳይወጣ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ፣ የመኪናው ቀለም ለብዙ ዓመት እንደ ዛሬው እንዲያበራ፣ ጭረት እንዳያገኘው፣ ፀሐይም እንዳያደበዝዘው፣ ሴራሚክ የሚባለውን ሽፋን ያስቀባ ዘንድ የሚቀርብለት ምክር ነው። ምክሩ የሚቀርበው ገዢው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ልቡ በደስታና በሥጋት መካከል በሚዋልልበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ከመኪናው ዋጋ አጠገብ ሲያዩት ጥቂት የሚመስለውን ይህን ተጨማሪ ወጪ «እስቲ ልመርምረው» ብሎ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። በአዲስ አበባ ደግሞ ጥያቄው ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ በብዙ ቤት ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ ያገለገለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይገዛ የነበረው ቤተ ሰብ ቀለሙ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ጀምሯልና።

ይህ ምዕራፍ የሚናገረው በየዕለቱ ስለሚነዳ መኪና ብቻ ነው፤ ይኸውም ማለዳ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ቀኑን በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የሚውል፣ ሌሊቱን በጠባብ ግቢ ወይም በመንገድ ዳር ጠል ሲወርድበት የሚያድር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜም በሌላ ሰው እጅ የሚታጠብ መኪና ነው። ባለቤቱ እንደ ንዋየ ቅድሳት በመጋረጃ ሸፍኖ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን መኪና በሚመለከት፣ ገንዘቡም ፍቅሩም የራሱ ነውና የምንጨምርለት ምክር የለም።

ስለ ሽፋኑ ከመናገር በፊት የሚሸፈነውን ነገር ጠባይ ማወቅ ይገባል። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ መኪና እንደ ሠረገላ በብሩሽ ይቀባ፣ በላዩም ቫርኒሽ እየተደራረበ ይፈስበት፣ እያንዳንዱም ድርብ እስኪደርቅ ይጠበቅ ስለ ነበረ፣ የአንዱ መኪና የቀለም ሥራ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የአሜሪካው የዱፖንት ፋብሪካ ዱኮ የተባለውን ቶሎ የሚደርቅ የኒትሮሴሉሎስ ቀለም አውጥቶ፣ ጄኔራል ሞተርስም ኦክላንድ በተባለው መኪናው በእ.ኤ.አ. 1924 ሞዴል ላይ ካዋለው ወዲህ ግን የሳምንታቱ ሥራ ወደ ጥቂት ቀናት፣ ኋላም ወደ ሰዓታት ወረደ። ሆኖም ያ ቀለም በየጊዜው ካልተወለወለ የሚደበዝዝ ስለ ነበረ፣ መኪናን ሰም የመቀባት ልማድ በባለ መኪናዎች ዘንድ የጸናው በዚያ ዘመን ነው።

ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው ቀለም በዐይን ሲታይ አንድ ቢመስልም ቢያንስ አራት ድርብ አለው። ከብረቱ ላይ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚጣበቀው ፀረ ዝገት አለ፤ በእርሱ ላይ መሠረቱን የሚያስተካክለው ድርብ ይመጣል፤ ቀጥሎ ኅብረ ቀለሙን የሚሰጠው ስስ ድርብ፤ በመጨረሻም ቀለም የሌለው፣ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፈው የላይኛው ልባስ ይመጣል፤ ጋራዦቻችን ትራንስፓረንት የሚሉት እርሱን ነው። የሁሉም ድምር ውፍረት ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ እምብዛም የማያልፍ ሲሆን፣ የትራንስፓረንቱ ብቻ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንባቢ ይህን ቍጥር ልብ ይበል፤ መኪናው በዕድሜው ሁሉ የሚኖረው መከላከያ ይህ ብቻ ነውና፣ በፖሊሽ ማሽን በተፋቀ ቍጥር ከዚሁ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወሰዳል እንጂ የሚጨመርበት የለም።

እንግዲህ ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን በዚህ በላይኛው ልባስ ላይ የሚያርፍ ፈሳሽ ነው። የፈሳሹ ሥር ነገር የአሸዋም የመስተዋትም አካል ከሆነው ከሲሊካ ወገን ሲሆን፣ ሲሎክሴንና ፖሊሲላዜን የተባሉት ውሑዳን በሚተን ማሟሚያ ተበጥብጠው በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ ለአንድ መኪና ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ይህ ፈሳሽ በቀለሙ ላይ ሲለቀለቅ ማሟሚያው ይተንና የቀረው ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሐደ፣ እርስ በርሱም እየተሳሰረ፣ ከሰም ይልቅ አጥብቆ ከትራንስፓረንቱ ጋር ይጣበቃል። ከደረቀም በኋላ ሳሙናም ቤንዚንም በቀላሉ አያነሣውም፤ ሊነሣ የሚችለው በፖሊሽ ተፍቆ ነው። ከሰም የሚለይበት ዋናው ትሩፋቱ ይህ ጽናቱ ነው፤ ሰም በሳምንታት ሲታጠብ ይህ ለዓመታት ይቆያል።

ይሁን እንጂ ውፍረቱ አንድ ማይክሮን ወይም ሁለት ማይክሮን ያህል ነው። የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ የጤፏን ያህል ከፍታ ለማግኘት ይህን ሽፋን ከአምስት መቶ እስከ አንድ ሺህ ጊዜ መደረብ ይኖርብናል። ሻጩ በቢሮው ውስጥ መኪናውን ጥሩር እንደሚያለብሰው አድርጎ ሲናገር የሚሰማ ገዢ ይህችን ጤፍ ቢያስታውስ ከብዙ የተሳሳተ ተስፋ ይድናል።

ከተሳሳቱት ተስፋዎችም ትልቁ በጠርሙሱ ላይ በጉልሕ የሚጻፈው «9ኤች» የሚለው ምልክት የሚያሳድረው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ፣ ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪሕ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው፣ አልማዝ ዐሥረኛውን ደረጃ በያዘበት መለኪያ ዘጠነኛ የሆነ ነገር ይመስለዋል፤ በዚያ መለኪያ ዘጠኝ የቀይ ዕንቍና የሰንፔር ማዕርግ ነውና፣ እንዲህ ያለ ሽፋን የለበሰ መኪና ቍልፍም ድንጋይም አይጭረውም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ዘጠኝ የእርሳስ ዘጠኝ ነው። የቀለም ፋብሪካዎች የልባስን ጥንካሬ የሚፈትኑት የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን የሥዕል እርሳሶች በ45 ዲግሪ አዘንብለው፣ የታወቀ ክብደት ጭነው፣ በልባሱ ላይ እየገፉ ሲሆን፣ በእርሳሶቹ ተራ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጠንካራው 9ኤች ይባላል። ስለዚህ ምልክቱ የሚለው «ከእርሳስ ሁሉ ጠንካራው አልጫረውም» ነው፤ የእርሳስ ቅስም ደግሞ ግራፋይትና ሸክላ ነው። በመንገዳችን አቧራ ውስጥ፣ በተለይም ግንባታ በማያቋርጥባት በአዲስ አበባ ከአሸዋ ክምር በሚበነው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞስ መለኪያ ሰባተኛ ነው፤ የቤት ቍልፍ ብረት እንኳ ከእርሳስ እጅግ ይጠነክራል። አቧራ በተነሰነሰበት ኮፋኖ ላይ ጨርቅ የሚጎትት እጅ፣ ሽፋን ኖረ አልኖረ፣ ይጭራል፤ ሽፋኑ ጭረቱን በጥቂቱ ሊያሳንሰው ይችላል እንጂ ሊያስቀረው አይችልም። ከፊት ከሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ የምትፈናጠር ጠጠርንም እንዲሁ። ጠጠርን የሚችለው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍረው ግልጽ የፖሊዩሪቴን ፊልም ነው፤ እርሱም ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዋጋ ነው።

ታዲያ ሽፋኑ በእውነት የሚሰጠው ምንድር ነው? ይህን ለማየት የሚሻ ሰው ከታጠበ መኪና ኮፋኖ ላይ በጣቱ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥብና ጎንበስ ብሎ ከጎን ይመልከት። ቀለሙ ዕራቁቱን ከሆነ ጠብታው ይዘረጋል፣ ጠፍጥፎም ይተኛል፤ ሽፋን ካለ ግን ጠብታው ወገቡን ሰብስቦ፣ እግሩንም ወደ ውስጥ ገትቶ፣ ቀና ብሎ ይቆማል። ጠብታ ከሚያርፍበት ነገር ጋር የሚሠራው ይህ ማዕዘን የሁለቱን ፍቅርና ጥል እንደሚገልጽ እንግሊዛዊው ሐኪምና ፈላስፋ ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1805 ጽፏል፤ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ካለፈ ያ ነገር ውሃን የሚሸሽ ይባላል። ጥሩ የሴራሚክ ሽፋን 100 ወይም 110 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ውሃን የሚሸሽ ገጽ ጭቃንም አጥብቆ አይዝም፤ ስለዚህ በክረምት ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ የተረጨበት ጭቃ፣ ደርቆ ካልከረመ፣ በውሃ ግፊት ብቻ አብዛኛው ይወርዳል። የቀረውንም ለማንሣት ብዙ መፋተግ አያስፈልግም፤ መፋተግ ሲያንስ ጭረት ያንሳል። በእኔ አስተያየት የሴራሚክ ሽፋን ጥቅም ከሞላ ጎደል በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያልቃል፤ ቀላል ጥቅም ግን አይደለም።

መኪናው «ራሱን በራሱ ያጥባል» የሚለው ውዳሴ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። የሎተስ ቅጠል ራሱን ያጥባል፤ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ባርትሎት እንዳሳየው ቅጠሉ በዐይን በማይታዩ ሰም የለበሱ ጕብጕብታዎች የተመላ ስለ ሆነ፣ ማዕዘኑ ከ150 ዲግሪ ያልፋል፤ ጠብታውም ቆሞ መዋል አይችልምና አቧራውን ጠራርጎ ይንከባለላል። የመኪና ሽፋን ግን ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ባይሆን አያበራም ነበርና። በለስላሳ ገጽ ላይ ያለ ጠብታ በተዳፋቱ በር ላይ ቢወርድም፣ በጠፍጣፋው ጣራና ኮፋኖ ላይ ግን ቀና ብሎ እንደ ቆመ ፀሐይ ይወጣበታል።

ከዚህም ሻጮች ዘወትር የማያነሡት ጉዳት ይመጣል። የቆመው ጠብታ ሲተን ውሃው ይሄዳል፤ በውሃው ውስጥ የነበረው ካልሲየምና ሌላው ማዕድን ግን ይቀራል፤ ጠብታውም ተሰብስቦ የቆመ ስለ ነበረ ማዕድኑ ሁሉ በትንሽ ክብ ውስጥ ይከማቻል። ቶሎ ካልተነሣ ነጩ ክብ ሽፋኑን እየበላ ይሰርጋል፤ ያን ጊዜ ሳሙና አያነሣውም። የጉዳቱ መጠን እንደ ውሃው ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣው የወንዝና የዝናብ ውሃ ከጕድጓድ ውሃ ይልቅ ማዕድኑ ያነሰ ነው፤ በአቃቂ ጕድጓዶች መስመር ያለ ሰፈር፣ ይልቁንም ጨው በበዛበት በስምጥ ሸለቆ የጕድጓድ ውሃ መኪናውን የሚያጥብ የሐዋሳ ወይም የዝዋይ ሰው፣ ሽፋን ካስቀባ በኋላ መኪናውን በፀሐይ ላይ አጥቦ እንዲሁ እንዳይተወው፣ ጥላ ውስጥ አድርጎ ወዲያው እንዲያደርቀው ግድ ይሆንበታል። ሽፋን የሌለው መኪና ከዚህ ይልቅ ትዕግሥተኛ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ፀሐይን በሚመለከት ጥያቄው ለአገራችን የከበደ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች፣ ቀኑ ቀዝቃዛ መስሎ ሲታየን እንኳ ቀለማችንን የሚመታው ጨረር ብርቱ ነው። ያረጁ መኪናዎች ጣራና ኮፋኖ ከጎናቸው ቀድሞ የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህን ጨረር የሚውጠው መድኅን በፋብሪካው ጊዜ በትራንስፓረንቱ ውስጥ ተቀላቅሎ ይገባል፤ ጨረርን የመዋጥ ኀይልም በውፍረት የሚለካ ስለ ሆነ፣ 40 ማይክሮን የሠራውን ሥራ አንድ ማይክሮን ምን ያህል እንደሚያግዘው አንባቢ ራሱ ይመዝነው። ትራንስፓረንቱ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ መላጥ የጀመረ መኪና ደግሞ መድኃኒቱ ሴራሚክ አይደለም፤ ወደ ቀለም ቤት መግባት ነው። ለፀሐይ ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ ጥላ ነው፤ የቆርቆሮ ዳስ ከብዙ ጠርሙስ ይበልጣል።

የወፍ ኵስን፣ የዛፍ ሙጫንና የሲሚንቶን ነገር ስንመለከት ግን ሽፋኑን ማመስገን ይገባል። በጥላ ሥር ልቁም ብሎ ከዛፍ በታች ያቆመ ሰው ማታ ሲመለስ የሚያገኘው የርግብና የቁራ ኵስ፣ በፀሐይ በጋለው ቀለም ላይ ሲደርቅ እየጨበጠ የቀለሙን ገጽ ይበላል፤ ከሕንፃ ግንባታ የሚንጠባጠበው የሲሚንቶ ውሃም በባሕርዩ እጅግ የሚያቃጥል ነው። የሴራሚክ ሽፋን እነዚህን ሁሉ ለዘለዓለም አይከላከልም፤ ሰዓታትን ግን ይሰጣል። ሽፋን በሌለው ቀለም ላይ በአንድ ቀን ምልክት የሚተው ኵስ፣ ሽፋን ባለው ላይ ማታ በረጠበ ጨርቅ ሲነሣ ምንም ሳይተው ሊነሣ ይችላል። ማታ የማያነሣው ሰው ግን ሁለቱንም እኩል ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እርሱም የጨርቁ ነገር ነው። በከተማችን የአንድን መኪና ቀለም ከፀሐይም ከዝናብም ይልቅ የሚጎዳው መታጠቡ ነው ብል አንባቢ እንዳይደነግጥ። የሚጠራጠር ቢኖር ጥቁር ወይም ሰማያዊ መኪና ፈልጎ፣ በቀትር በኮፋኖው ላይ የፀሐይዋ ነጸብራቅ በሚታይበት ቦታ ዙሪያውን ያስተውል፤ ከጸዳሉ መካከል የሚነሡ፣ ቀጫጭን፣ ክብ ክብ የሆኑ፣ ቍጥር የሌላቸው ጭረቶች ያያል። እነዚያን ማንም በክፋት አልጫራቸውም። በመንገድ ዳር «ጋሼ፣ ላጥብልዎት?» ብሎ የቀረበው ልጅ፣ በአንድ ጀሪካን ውሃ፣ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጭብጥ ኦሞና በአንድ ጨርቅ ከጣራ እስከ ጎማ ሲያዳርስ ተሠሩ። ልጁ ትጉህ ነው፤ ላቡ እስኪንጠባጠብ ያሻል። ነገር ግን ጎማውንና ፓራፋንጎውን ያሸበት ጨርቅ ወደ ባልዲው ይገባል፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ከሦስተኛው መኪና በኋላ ቡና መስሏል፤ ከሥሩም አሸዋ ዘቅጧል፤ ያ ጨርቅ አሸዋውን ይዞ ይወጣና በኮፋኖው ላይ በክብ ይዞራል። ብዙዎቹ ላቫጆዎችም ግፊት ያለው ውሃ ስላላቸው በመጀመሪያው ነገር ይሻላሉ እንጂ፣ በጨርቁ ጕዳይ ከልጁ ብዙ አይርቁም።

ከዚህም የባሰው፣ ከልብ በመነጨ አክብሮት የሚሠራ ስለ ሆነ ሰው የማይቈጣበት፣ የማለዳው ውልወላ ነው። የግቢው ዘበኛ ጋሽዬ ሲወጡ መኪናቸው እንዲያበራ ብሎ፣ ሌሊቱን የተነሰነሰውን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ ይጠርጋል፤ ውሃ የለበትምና እያንዳንዷ ቅንጣት በትራንስፓረንቱ ላይ የራሷን መስመር ጽፋ ትሄዳለች። ይህ በየቀኑ፣ በዓመት ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ይደረጋል። አንድ ማይክሮን የሚወፍር ሽፋን፣ ከጠርሙሱ ላይ ምንም ቢጻፍበት፣ ይህን ከአንድ ዓመት በላይ ችሎ ማማሩን ይዞ ሊቈይ አይችልም። ዘበኛውን በለሰለሰ ቃል «አባባ፣ አቧራውን እንዳለ ይተዉት» ብሎ መለመን ግን ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ውጤቱም ከማናቸውም ሽፋን ይበልጣል።

ትክክለኛው አስተጣጠብ ከባድ ጥበብ አይደለም። መኪናው በጥላ ይቁም፤ አስቀድሞ አቧራው በብዙ ውሃ ይውረድ፤ ሁለት ባልዲ ይኑር፣ አንደኛው ለሳሙና፣ ሁለተኛው ጨርቁን ለማለቅለቂያ፤ ጨርቁ ረጅም ጠጕር ያለው ማይክሮፋይበር ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች ይታጠብ፤ የቸርኬውና የጎማው ጨርቅ የብቻው ይሁን፤ ሳሙናውም የልብስ ዱቄት ሳይሆን ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፖ ይሁን፤ የልብስ ሳሙና ሰምንም ቀስ በቀስም የሽፋኑን ውሃ የመሸሽ ጠባይ ይገፍፋልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሁሉ በየሳምንቱ መፈጸም እንደማይቻል ዐውቃለሁ፤ ያን ጊዜ መኪናው ለአንድ ሳምንት አቧራ ለብሶ ቢሄድ ይሻለዋል። አቧራ ካልተጎተተ አይጭርም።

ዋጋውን ስንመረምር ባለሙያው የሚያስከፍለው የጠርሙሱን ዋጋ አይደለም፤ ደግ ባለሙያ ከሆነ የሚያስከፍለው የዝግጅቱን ድካም ነው። ሽፋኑ ከሥሩ ያለውን ሁሉ እንዳለ ያትማልና፣ ጭረት ባለበት ቀለም ላይ ቢቀባ ጭረቱን ለዓመታት በመስተዋት ውስጥ እንደ ማኖር ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ይታጠባል፤ ከፍሬን የሚበንነው የብረት ብናኝ በተለየ ፈሳሽ ይሟሟል፤ በቀለሙ ላይ የተጣበቀው ሻካራ ነገር በልዩ ጭቃ ይነሣል፤ ጭረቱ በፖሊሽ ማሽን ይስተካከላል፤ የፖሊሹ ቅባት በአልኮል ይጠረጋል። ፈሳሹ የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በንጹሕ ቤት ውስጥ፣ በትንንሽ ካሬ እየተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ የቀስተ ደመና መልክ ሲያሳይ ወዲያው ካልተወለወለ እዚያው ላይ ጠጥሮ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውንም የሚያነሣው ፖሊሽ ብቻ ነው። ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ቀን ውሃ እንዳይነካው፣ ለአንድ ሳምንት ያህልም በሳሙና እንዳይታጠብ ይደረጋል። ይህ በደንብ ከተሠራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ይወስዳል። መኪናው ከባለሙያው እጅ ሲወጣ የምናደንቀው ጸዳልም በአብዛኛው የፖሊሹ ሥራ ነው፤ ሴራሚኩ የሌላውን ምስጋና ይቀበላል።

ዋስትና የሚባለውንም ጥቂት እንናገርበት። «የአምስት ዓመት ዋስትና» የሚለውን ወረቀት አብዛኛው ሰው አያነበውም፤ ያነበበ ግን በየዓመቱ ተመልሶ በክፍያ ማስመርመር እንዳለበት፣ ጭረት፣ የጠጠር ምት፣ የውሃ ምልክትና የወፍ ኵስ በዋስትናው እንደማይሸፈኑ የሚገልጹ አንቀጾችን ብዙ ጊዜ ያገኛል። እነዚህ ሁሉ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሕግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በሌላ ወገን ሰም አለ። የመኪና ሰም ዋነኛው ካርናውባ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚበቅል የዘንባባ ወገን ቅጠሉን ከድርቅ ለመጠበቅ የሚያወጣው፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልጋለ የማይቀልጥ ጠንካራ ሰም ነው። ለስላሳ ጸዳል ይሰጣል፤ የሚቈየው ግን ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ሦስት ወር ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰው ሠራሽ ፈሳሾች፣ በተለይም ጥቂት ሲሊካ ያለባቸውና ከታጠበ በኋላ ተረጭተው የሚወለወሉት፣ በዐሥር ወይም በዐሥራ አምስት ደቂቃ ድካም ለወራት ውሃን ያስሸሻሉ፤ ሥራውም ማንንም ባለሙያ አይጠይቅም። በትክክል ለሚያጥብ ሰው ይህ የሚረጨው ፈሳሽ የሴራሚኩን ጥቅም አብዛኛውን ክፍል ይሰጠዋል፤ ቢበላሽም የሚጠፋው የአንድ ቅዳሜ ጧት ድካም ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ጕዳይ የሚጠይቁት ጥያቄ እንደ አገሩ ጠባይ ይለያያል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታክሲ ወይም ኡበር እየነዳ የሚኖር ሰው ክረምት በገባ ቍጥር በመንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ያሳስበዋል፤ ጨው መኪናን የሚበላው ግን ከሥሩ፣ ከሻንሲውና ከብረቱ መጋጠሚያ ነው፤ ሴራሚክ በዚያ ቦታ አይቀባም። ለእርሱ የሚጠቅመው የመኪናውን ሥር በግፊት ውሃ ዘወትር ማሳጠብ ነው። በዚያ አገር በባለሙያ ለማስቀባት ብዙ መቶ ዶላር፣ ከሺህ ዶላርም በላይ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ መኪናውን ለሚለውጥ ነጂ ይህ ገንዘብ በመሸጫ ዋጋ ላይ አይመለስለትም። በዱባይና በሪያድ ደግሞ አሸዋውና ሙቀቱ አለ፤ በዚያ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ የማሳደር ዕድል ያለው ሰው ከሽፋኑ ይልቅ ከጋራዡ ብዙ ያተርፋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ የምሰጠው ፍርድ እንደ መኪናውና እንደ ባለቤቱ ነው። መኪናው ከአራት አምስት ዓመት በላይ የሆነው፣ ቀለሙ የተጫረ ወይም አንድ ጊዜ ባትላሜራ እጅ ገብቶ በስቱኮ ተስተካክሎ የተቀባ፣ በመንገድ ዳርም የሚታጠብ ከሆነ አያስፈልገውም፤ ያ ገንዘብ ለጎማ ወይም ለፍሬን ይዋል። መኪናው አዲስ ቢሆንም አጣቢው የማይለወጥ ከሆነ አሁንም አያስፈልገውም። መኪናው አዲስ ከሆነ፣ ባለቤቱ ከአምስት ዓመት በላይ ሊይዘው ካሰበ፣ በገዛ እጁ ወይም በሚያምነው ሰው እጅ በሁለት ባልዲ የሚታጠብ ከሆነ፣ ጥቁር ወይም ጠቈር ያለ ቀለም ካለውም ይልቁን፣ ይቀባ፤ የሚተርፈውም ጊዜና ድካም በእውነት ይሰማዋል። አዲስ ቀለም ብዙ ፖሊሽ ስለማይፈልግ ዝግጅቱም ስለዚህ ዋጋውም ያን ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ይጨምራል።

ከእነዚህ ወገን ሆነው ለማስቀባት የቈረጡ አንባቢ ቢኖሩ፣ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ባለሙያውን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ፈሳሹን ከመቀባቱ በፊት በቀለሙ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ። «ጧት ያምጡት፣ ከምሳ በኋላ ይውሰዱት» ካለዎት መኪናዎን ይዘው ይመለሱ።